የልጅ ቀለብና የዕርቅ ድንጋይ

ኅዳር ፱ ቀን፥ ከሰዓት በኋላ

ደቀ መዛሙርቴ ዛሬም ዜማውን ጎተቱት። ብርዱ ይሆናል። ሌሊት አመዳይ ወርዶ ሜዳው ነጭ ሆኖ አደረ። ገብሱ ገና አልተወቃም። የቤተ ልሔሙን የሣር ክዳን ነፋስ ገልጦታል፤ የመሥዋዕቱ ኅብስት የሚዘጋጅበት ቤት ሰማይ ይታይበታል። ሰበካ ጉባኤው ገንዘብ የለኝም ይላል። ነውር ነው።

በዚህ ሐሳብ ላይ ሳለሁ ልጄ አጸደ ገባች። አልተቀመጠችም። ሸዋንግዛውን በፍ/ቤት ልትጠይቀው ነው።

ማስታወሻዬ ሆይ፥ ይህን ስም እስከ ዛሬ አልጻፍሁብህም። ሸዋንግዛው የቀድሞ ባሏ፥ የልጅ ልጄ የቃልኪዳን አባት ነው። በልጅነቱ ከእኔ እግር ሥር ፊደል ቆጥሯል። ሲፋቱ ለልጂቱ በየወሩ ቀለብ እንዲቆርጥ ተፈረደበት። ጥቂት ወራት ሰጠ። ከዚያ ቆላ ወረደ፥ ድምፁ ጠፋ። አሁን አይሱዙ ገዝቶ፥ የገብስ ነጋዴ ሆኖ ሞላሌ ከተማ ገብቷል። በዚያ ሁሉ ዘመን አጸደ የበግ ጠጉር እየፈተለች፥ ባና፥ የጠጉር ብርድ ልብስ፥ እያሠራች ሸጠች። ልጂቱን ያሳደገው ያ ጠጉር ነው።

ቃልኪዳን አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቷታል። ደብረ ብርሃን ነርስነት እንድትማር ተቀብለዋታል። እስከ ገና ካልተመዘገበች ቦታዋ ለሌላ ይሰጣል። የሚከፈል ግን የለም። ማመልከቻ ጸሐፊው ለአጸደ እንዳስረዳት፥ ያልተከፈለው ቀለብ ከፊሉ ዘመን አልፎበት ሊወድቅ ይችላል፤ ቀሪው ግን ልጂቱ አደገች ተብሎ አይቀርም፥ ይጠየቃል።

አልወደድሁትም። የመሪጌታ ልጅ በችሎት ደጅ ተሰልፋ ስለ ገንዘብ ስትከራከር! ሽማግሌ ይግባ አልኋት።

«ሽማግሌውስ፥ አባቴ፥ አይሱዙ እስኪገዛ ነው ሲጠብቅ የኖረው?»

አፏ የእናቷ ነው። ነፍሷን ይማር።


ኅዳር ፲፪፥ ሚካኤል

ማኅሌቱ ያማረ ነበር። የቀረው ግን ያማረ አልነበረም።

አጸደ ትናንት መሐል ሜዳ ከተማ ፍ/ቤት ሄዳ ፋይሉን ከፍታለች። ወሬው ከእርሷ ቀድሞ ተመልሷል። በማኅበሩ ጠላ ላይ አቶ ደምሴ፥ የሰበካችን አዛውንት፥ ዋንጫውን እንደያዘ ወደ እኔ ዘወር አለ። የልጅ ልጅዎ ገና ጡት አልጣለችም አሉን፥ የኔታ፤ ቀለብ ይቆረጥላት ብላችሁ ከሰሳችሁ አሉ። ሌላው ተቀበለው፦ ጥርስስ አብቅላለች? ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

ያደገችው ነፋስ እየበላች ነውን ብዬ ልመልስ አሰብሁ። ተውሁት። በሽማግሌ ዕድሜ በጠላ ቤት ነገር መለዋወጥ አይገባም። ግን ፊቴ ጋለ። ለልጂቱ ይሁን ለስሜ ብዬ፥ አላወቅሁም።


ኅዳር ፲፬፥ የነቢያት ጾም ቅበላ፥ ማታ

ስብሐት ለአብ! የተባረከ ቀን።

ከቀትር በኋላ ሸዋንግዛው ራሱ መጣ። በማጅራቱ ድንጋይ ተሸክሞ፥ እንደ አባቶቻችን ወግ፥ ከአጥሩ በር እስከ ደጃፌ ጎንበስ ብሎ። ከኋላው የእርሱም የአጸደም የንስሐ አባት ቄስ ሞገስና አቶ ደምሴ። ሦስቱም አንቀመጥም አሉ። የመጣንበትን ሳናገኝ ወንበር አንነካም አሉ። ደስ አለኝ። ሥርዓት ገና አልሞተም።

አጸደ ከጓዳ አልወጣም አለች። ነገ ጾም ነው፥ ቂም ይዘሽ ልትጾሚ ነውን አልኋት። ወጣች። ድንጋዩን ረጅም ጊዜ አየችው፥ ሰውየውን አላየችውም። ከዚያ ቀስ ብላ ጀመረች። እኔን የበደልኸኝን ይቅር ብዬሃለሁ። የልጄ ግን—

አቋረጥኋት። ዕርቅ በግማሽ የለም፥ ድንጋዩን አንሺለት አልኋት። በአንድ እጇ አንሥታ መሬት ላይ አኖረችው። ሁላችን አሜን አልን። ቄስ ሞገስ መስቀላቸውን አውጥተው ገዘቱ፦ ይህን ዕርቅ ያፈረሰ ቤቱ ይፍረስ። ዳግመኛ አሜን አልን።

ሸዋንግዛው ጉልበቴን ስሞ፥ የቤተ ልሔሙን ቆርቆሮ ለእኔ ተዉልኝ አለ። አቶ ደምሴ እልል ማለት ቀረው። በግ ታረደ። ሰውየው ቃልኪዳንን ግንባሯን ሳማት፤ እርሷ እንደ እንግዳ ቆመችለት።

ከእንግዲህ ፍ/ቤት ምን ያደርጋል? አባት ከታረቀ የልጁን ድርሻ ራሱ ይዞ ይመጣል።


ኅዳር ፲፱

አልመጣም።

አጸደ አታናግረኝም። ውኃ ታስታጥበኛለች፥ መብሌን ታቀርባለች፥ መደቤን ታነጥፋለች። ዛሬ ደጅ ስትጠርግ በዚያ ድንጋይ ላይ ደረሰች። በእግሯ ገፋችው። ለማንም ሳይሆን፦ «ድንጋዩ እንኳ ቀላል ነው» አለች።

ውቂያ ተጀምሯል። ገብሱ ዘንድሮ ፍሬው ቀጭን ነው።


ኅዳር ፳፮፥ ምሽት ላይ

እግዚኦ ተሣሃለነ።

አጸደ ክሱን አላነሣችም ኖሯል። ዛሬ ቀርበዋል። አብራት የሄደችው ቃልኪዳን ተመልሳ ነገረችኝ፤ እናቲቱማ ዝም ናት። ሸዋንግዛው በዳኛዋ ፊት ቆሞ፥ ታርቀናል፥ ሁሉን ይቅር ብላኛለች፥ ድንጋዬን በእጇ አንሥታለች፥ ከእንግዲህ ዕዳ የለብኝም አለ። ምስክሮች፦ ቄስ ሞገስና አቶ ደምሴ። ለዕርቁ የሮጠው ለዚህ ነበር። ክሱ በተከፈተ በሦስተኛው ቀን! እኔ ንስሐ ያልሁት ለክሱ መልስ ማዘጋጀት ኖሯል።

ዳኛዋ አጸደን ጠየቀቻት። በዕርቁ ጊዜ ስለ ቀለቡ የተባለ ነገር ነበር? ልናገር ጀምሬ ተከለከልሁ አለች። ማን ከለከለሽ? ዝም። ደግማ ጠየቀቻት። ዝም።

ስሜን አልጠራችም፥ ማስታወሻዬ ሆይ። የአባቷን ስም በችሎት መካከል ላለመጣል ክርክሯን ጣለችው። ለታኅሣሥ ፭ ምስክር ለመስማት ተቀጥሯል።

እራት አልበላሁም።


ኅዳር ፳፱

ሞላሌ ሄድሁ። መንገዱ ትናንት ዝግ ነበር፥ ዛሬ ሚኒባስ ተገኘ። ለማንም አልነገርሁም።

ሸዋንግዛው ቤት ደጃፍ ላይ ቆምሁ። ይግቡ፥ ይቀመጡ፥ የጾም ወጥ አለን አለኝ። እህልህን አልቀምስም፥ ወንበርህንም አልነካም፥ የመጣሁበትን ስጠኝ አልሁት። ያስታረቅናችሁ ከጠባችሁ ነው፥ ከልጅህ እንጀራ አይደለም። በቀጠሮው ቀን ለዳኛዋ ይህን ንገር።

ሳቀ። አክብሮ ነው የሳቀው፥ ያ ነው የባሰው።

«የኔታ፥ ዕርቅ በግማሽ የለም ያሉት እርስዎ አይደሉም? እኔ እኮ ተማሪዎ ነኝ። ያስተማሩኝን ነው የያዝሁት።»

ቆሜ ቀረሁ። እርሱም ወደ ገብሱ ከረጢት ዞሮ ሠራተኞቹን እያዘዘ፦ «ይቁሙ እንግዲህ፤ ማኅሌት ለለመደ መቆም ምኑ ነው? መቋሚያዎንም ይዘዋል» አለ። ሠራተኞቹ ፊታቸውን አዞሩ። አንዱ ሲስቅ ትከሻው ተንቀጠቀጠ።

ቆሜ ቆይቼ ተመለስሁ። ባዶ እጄን።


ታኅሣሥ ፪

ቆርቆሮው ደረሰ። አይሱዙው ጡሩምባ እየነፋ ደብሩ ድረስ ገባ። ሴቶች እልል አሉ። ተማሪዎቼ ሳይቀሩ ዜማቸውን ጥለው ሊያወርዱ ሮጡ። ያበራል፥ ዓይን ይወጋል።

ከዚያ አንድ ነገር መታኝ። ቤተ ልሔም የኅብስት ቤት ነው። የኅብስት ቤት ከልጅ አፍ በተነጠቀ እንጀራ ሊከደን ነው። ክዳኑ ይታደስ ብዬ ስጮኽ የኖርሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ቄስ ሞገስን ለብቻቸው አገኘኋቸው። አጸደ ልትል የጀመረችውን ሰምተው እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

ሰምቻለሁ አሉ። አልጨረሰችውም እንጂ፤ ያልተጨረሰ ቃል ደግሞ አይመሰከርም።

ያላስጨረስኋት እኔ ነኝ፥ ያስቆምኋት እኔ ነኝ አልኋቸው።

እንግዲያው ይተዉት አሉኝ። በግዝት የታሰረ ዕርቅ ነው፥ እርስዎም አሜን ብለዋል። በዚህ ዕድሜዎ ዕርቅ አፍራሽ ሊባሉ ነው? ደብሩስ? ሰውየው ቆርቆሮውን ጭኖ ቢመለስ ሕዝቡ ማንን ያማል? እጄን ያዝ አድርገው፦ «ልጂቱ እንደሆነች አድጋለች፥ የኔታ። አንዴ ያደገ ልጅ ወደ ኋላ አይበላም» አሉኝ።

ብልህ ቃል ነው። ቤቴ ድረስ ተከተለኝ። ግን ሐሰት ነው። ያደገችው በብድር ነው። አበዳሪዋ የእናቷ ወገብ ነው፤ አጸደ ዛሬ ጎንበስ ብላ ቀና ማለት የሚያቅታት ለዚህ ነው።


ታኅሣሥ ፬፥ ማታ

ቃልኪዳን ጉርድ ፎቶ ተነሥታለች። ለትምህርት ቤቱ መስሎኝ አይቼ አመሰገንሁ። ለፓስፖርት ነው። የሠፈራችን ልጅ ዓረብ አገር ከሚልክ ደላላ ጋር አገናኝታታለች። እናቴን በእኔ ምክንያት ሰው አይሳቅባት፥ አባባ፤ ሠርቼ እልክላችኋለሁ አለችኝ። ፈገግ ብላ። ስለ ነርስነቱ አንድ ቃል አላነሣችም።

አጸደን ጠራኋት። ከዕርቁ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት ተቀመጥን።

«ያን ቀን ያቋረጥሁብሽን ጨርሺልኝ።»

«ዛሬ ምን ሊያደርግልዎት፥ አባቴ?»

«ጨርሺው ብያለሁ።»

ጠጉሩን እየፈለቀቀች ቆየች። ቀና ሳትል ተናገረች። የልጄ ግን የእኔ አይደለም፥ አልሰጥህም። እንዲህ ነበር የምለው አለች።

የራስን በደል ይቅር ማለት ጽድቅ ነው፤ በሌላ ሰው ገንዘብ ይቅር ባይ መሆን ግን ከየት የመጣ ጽድቅ ነው? እኔ ግን በልጄ አፍ የልጅ ልጄን ገንዘብ መጽውቻለሁ። ለማን? ለወሰደው።

ምስክር አድርገሽ ለምን አልቆጠርሽኝም አልኋት። አሁን ቀና አለች። አባቴን ዳኛ ፊት አቁሜ፥ አፌን የዘጋኝ ይህ ነው ልበል? ሰው ምን ይላል? እርስዎስ ከዚያ በኋላ በቅኔ ማኅሌት እንዴት ይቆማሉ?

ሰው ምን ይላል። ይህን ያስተማርኋት እኔ ነኝ።

ግዝቱን አሰብሁ፤ አልዋሽህም፥ ፈራሁ። ቤቱ ይፍረስ ተብሏል፥ አሜን ብያለሁ። ግን ቤቴ የትኛው ነው? ግድግዳው አይደለም። አንዷ ከእኔ ጋር መነጋገር ትታ ነበር፥ ሌላዋ ፎቶ ተነሥታለች። አጸደን ዝም ያሰኘሁ ጊዜ ነው መፍረስ የጀመረ።

ነገ ስሜን አስመዝግቢ አልኋት። ተነሥታ ነጭ ጋቢዬን ከሣጥን አወጣች፥ አራገፈች፥ በመደቡ ራስጌ አኖረችልኝ።


ታኅሣሥ ፭፥ ፍ/ቤት ደጅ፥ ጧት

ተማሪዎቼን አሰናብቻለሁ። በዕድሜዬ ችሎት ስገባ የመጀመሪያዬ ነው። ፀሐይዋ ገና አልሞቀችም፥ ጣቴ ደንዝዞ ፊደሉ ይጣመማል። አጸደ ስሜን አስይዛለች፥ ዳኛዋም ፈቅዳለች። ቃልኪዳን አጠገቤ ቆማ መቋሚያዬን ይዛልኛለች። ፎቶው በኪስሽ አለ ወይ አልኋት። አለ አለች። እስክንወጣ ድረስ ለማንም አትስጪው አልኋት።

ቄስ ሞገስ በወዲያኛው ግንብ ጥግ ናቸው። ሰላም አልኋቸው፤ መስቀላቸውን አልሰጡኝም። አቶ ደምሴ ለሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ፥ የኔታም ለቀለብ መጡ እንዴ አለ። አዎን አልሁት። ለቀለብ መጣሁ። የሳቀ የለም። ሸዋንግዛው ሲያየኝ ለእርሱ ልመሰክር የመጣሁ መስሎት እጅ ነሣ።

የምናገረውን አጥንቻለሁ። አጭር ነው። አጸደ ትናንት የጨረሰችልኝን አልጨምርም፥ በዚያ ቀን አልተባለምና። በጆሮዬ የሰማሁትን ግን ቄሱ እንዳሉት ቆርጬ አልጥለውም። የራሷን በደል ይቅር ብላለች። «የልጄ ግን» ብላለች። ከዚያ ወዲያ ያለው ዝምታ የእርሷ ይቅርታ አይደለም፥ የእኔ ቁጣ ነው። ቆርቆሮውም ከደብሩ ይውረድ እላለሁ፥ ቤተ ልሔሙን በሣር እኔው ከተማሪዎቼ ጋር

ስሜን ጠሩ።