አራት ሚሊሜትር

1986 ዓ.ም.

ሐሙስ፣ ጥቅምት 4

ዶክተር መድሃኔ ልኬቴን ሰርዞ የራሱን ጻፈ። በነርሶቹ ፊት። የታካሚዋ የኣስካሉ ቀኝ ዳሌ፣ በራጅ ፊልሙ ላይ፣ በሁለቱ አጥንቶች መሃል አራት ሚሊሜትር ክፍተት አለው ብዬ ነበር። እሱ ሦስት ተኩል አለ። "ኣቦይ ሃብተማርያም፣ ዓይንዎ ደክሟል።" ከትግል ሜዳ ከገባ ገና ሁለት ዓመቱ! እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ራጅ ሳነሳ... ማንም ሳያስተምረኝ፣ ከጣሊያን መጽሐፍ ለቃቅሜ። ያ ጥቁር ክፍተት ባዶ አይደለም። ልም አጥንት ነው፤ ፊልም ላይ አይታይም። ክፍተቱ ከጠበበ እሱ እያለቀ ነው።

ነገ ደግሜ እለካለሁ።

ዓርብ 5

በኮምፓሴ ለካሁ። ሦስት ተኩል። ደገምኩ... ሦስት። ያው ፊልም። እንዴት?

ማክሰኞ 9

ኣስካሉ በምርኩዝ መጣች። እዳጋ ሓሙስ ገበያ ሽንኩርት የምትሸጥ፣ ጆንያ የምትሸከም ሴት።

"ምን ሆንሽ?"

"ከዓርብ ጀምሮ ቀኜ አልታዘዝ አለኝ፣ ኣያ።"

"ወድቀሽ ነው?"

"ለመውደቅስ መቼ ጊዜ አገኘሁ!"

አዲስ ራጅ አነሳኋት። መድሃኔ ለካ፤ ግራዋ አራት፣ ቀኟ ሁለት ተኩል። ግራውን እኔ ለክቼው አላውቅም...

ክፍሌ ገብቼ አሮጌውን ፊልም ዘረጋሁ። የኮምፓሱን ጫፍ ሳሳርፍ ኣስካሉ ከኮሪደሩ ጮኸች። አነሳሁ። ዝም አለች። ደገምኩ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ደገምኩ።

"ማነው ዳሌዬን የሚወጋው?" ስትል ሰማኋት።

መድሃኔ ሲለካ ምንም አላመማትም። የኔ እጅ ብቻ...

ዓርብ 12

ሦስት ቀን አልለካሁም። አልባሰባትም።

መድሃኔ ጠራኝ። "አራት ነው ካሉ ሰኞ የሆስፒታሉ ኮሚቴ ፊት ይለኩ፣ ኣቦይ። አለዚያ ተሳስቻለሁ ብለው ፈርመው የራጅ ክፍሉን ያስረክቡ።"

"እለካለሁ" አልኩት።

ሰኞ 15

ፊልሙን ዘረጉልኝ። አራቱም የኮሚቴው አባላት እጄን ያያሉ። ኣስካሉ እየሳቀች በር ላይ ቆማለች። "ቶሎ ይለኩና ልሂድ፣ ኣያ፤ ሽንኩርቴ ፀሐይ ላይ ነው።"

ኮምፓሱን ያዝኩ። ገና ፊልሙ ላይ ሳይደርስ፣ ምርኩዙን አጥብቃ ከመጨበጧ ጥፍሯ ነጥቶ አየሁ። ሳቋ ቆሟል።

መልሼ አስቀመጥኩት። ተሳስቻለሁ ብዬ ፈረምኩ። መድሃኔ እጄን ጨበጠ። "የቐንየለይ፣ ኣቦይ" ብሎ አመሰገነኝ። ቁልፉን ሰጠሁት።

አራት ነበር። ከእንግዲህ ይህን ነገር አላነሳም። ለሚስቴም፣ ለንስሐ አባቴም። እዚህም አልጽፈውም።