አስታማሚ ሞልቶልኛል

ይሻው፣

የምጽፍልህ ሁሉ እውነት ነው፤ ከዋሸሁ ኢየሱስ ይፍረድብኝ። ጨጓራዬን በቀዶ ጥገና ሊያሳንሱልኝ ነገ ባሕር ዳር እተኛለሁ። ሐኪሙ ሁለት ሳምንት ፈሳሽ ብቻ ብሎኝ ሃያ ኪሎ ቀነስኩ። ሚዛኑ ተበላሽቷል ብለው ሦስት ጊዜ አስፈተሹት።

ያለ አስታማሚ አናስተኛም ብለውኛል። ከገሳይ እስከ ወንዛዬ ያለው ዘመድ "እኔ ልሂድ፣ እኔ ልሂድ" ብሎ ሊደባደብ ነበር፤ ሁሉንም መለስኳቸው።

አንተን አልጠየቅሁም። አብረውን በሚያስተምሩት መምህራን ፊት "ማዕድ መተው ቢያቅተው ሆዱን ሊያስቀድድ ነው" ብለህ ካሳቅህብኝ ወዲህ ምን ብዬ?

ዶሮዎቹን አብላ።
ቧንቧውን ማታ ማታ ዝጋ።
በሶዬን ጨርሰው፤ ከእንግዲህ እኔን አንድ ማንኪያ ያጠግበኛል።
ኩርፊያዬም በዝቶ ይሆናል። ተወው።

ተስፋነህ

ይሻው ልጄ፣ አከራያችሁ ፈንታነሽ ነኝ። ወረቀቱን "ይስጡልኝ" ብሎ ሰጥቶኝ አነበብኩት። የቀነሰው አራት ኪሎ ነው። "እኔ ልሂድ" ብሎ የለመነው ዘመድም የለም፤ እሱ ደውሎላቸው ሁሉም አጨዳ ላይ ነን አሉት። ደውዬለት ነበር፤ አሁን መናኸሪያ ነው። ሁለት መኪና አሳልፎ፣ ለሦስተኛው የሁለት ሰው ቦታ ይዟል።