ሁለት ጊዜ የተሰጠ ላፕቶፕ

«ጋሼ፣ ላፕቶፑን ለቤተ ክርስቲያን ሰጥቼዋለሁ፤ ጌታ በልቤ አስቀመጠው። ለዝማሬ እሱ ራሱ የተሻለውን ያዘጋጅላታል። ደግሞ ገና ልጅ ናት፣ ለጊዜው በስልኳም መማር ትችላለች።»

ይህ በመስቀል ዕለት በድምፅ የላክህልኝ መልእክት ነው። አራት ጊዜ አዳምጬ ቃል በቃል ገልብጬዋለሁ። የጨመርኩት ወይም የቀነስኩት ካለ አርመኝ።

ለወንድሜ ለኤልዳድ፣ ጆሃንስበርግ፤

ጤናህ እንዴት ነው? ጨጓራህ ተሻለህ ወይስ ምሳህ አሁንም ከመደርደሪያው ኋላ ቆመህ የምትጎርሰው ደረቅ ዳቦ ነው? ኤሌኒስ እንዴት ናት? ወገቧን ያማት ነበር፤ ካርቶን ማንሳቱን ተወችው? ትንሹ ምሥጋናስ መራመድ ጀመረ? እናንተ ዘንድ ብርዱ አልፎ ሙቀቱ የገባ ይመስለኛል። እኛ ደህና ነን። ዓለሚቱ ስኳሯ ወርዶላታል። ኦሊያድ ሰባተኛ ክፍል ገብቷል፤ ቁመቱ ትከሻዬን አልፏል። መካኒሳም እንደምታውቃት ናት፤ ከአቦ ወደ ታች የሚወስደው መንገድ እንደገና ተቆፍሯል። የተቆጣ ሰው ሰላምታ አይነፍግም እየተባልን ነው ያደግነው፤ ስለዚህ ሰላምታዬን ከልብ ተቀበል። የሚከተለውንም እንደዚያው ተቀበል።

ነገሩን ከሥሩ እጀምራለሁ። ይህን ደብዳቤ ኤሌኒም እንድታነበው እፈልጋለሁ፤ እሷ የምታውቀው አንተ የነገርካትን ያህል ብቻ ነው።

ልጄ ዝማሬ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቷን ስትጨርስ አርክቴክቸር ደረሳት። ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ ሌላ ትምህርት ስትመኝ ሰምቻት አላውቅም። ትምህርት ክፍሉ ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ ንድፍ የሚሠራው በኮምፒውተር መሆኑን ነግሮ፣ የሚያስፈልጋቸውን ላፕቶፕ ዓይነት በወረቀት ሰጣቸው። ራሙ አሥራ ስድስት፣ ግራፊክስ ካርዱ ለብቻው የሆነ፣ ስክሪኑ ሰፋ ያለ። እንዲህ ያለ አዲስ ዕቃ በመንግሥት ደመወዝ እንደማይገዛ ላንተ መንገር አያስፈልገኝም። ሁለት ዓመት ከቀለቡም ከልብሱም እየቀነስን ያጠራቀምናት ገንዘብ ነበረች፤ እሷ የምትበቃው ላገለገለ ዕቃ ነው።

ሐምሌን ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ከዝማሬ ጋር ስንዞር ቆየን። ጀሞ ያሉትን ሱቆች ጨርሰን ወደ ጎፋ ተሻገርን። እኔን ታውቀኛለህ፤ ሠላሳ ዓመት መሬት የቀየስኩ ሰው ነኝ፣ ሳልለካ አላምንም። የእያንዳንዱን ቁልፍ ፊደል በየተራ ተጭኜ አየሁ። ክዳኑን እየከፈትኩ እየዘጋሁ ማጠፊያው ላልቶ እንደሆነ ፈተንኩ። ባትሪው ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ለማወቅ ሱቁ ደጃፍ ተቀምጬ ሰዓቴን ያዝኩ። ጎፋ ላይ ሱልጣን የሚባል ወጣት ነጋዴ ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ከታገሠኝ በኋላ «ጋሼ፣ ላፕቶፕ ነው የሚገዙት ወይስ ልጅዎን ሊድሩ ነው?» አለኝ። ዝማሬ በሣቅ ፍርስ አለች። እኔም ለልጄ የሚመጣ ማንኛውም ነገር እንዲህ ነው የሚመረመረው አልኩት። እሱም «እንግዲያው ይሄ ሙሽራ አልፏል» ብሎ ከመደርደሪያው አወረደልኝ። ጥግ ላይ ትንሽ ከመጫሩ በቀር ወረቀቱ የሚለውን ሁሉ ያሟላ ነበር። ቀብድ ከፈልኩ።

በዚያው ሳምንት ደወልክ። ያገለገለ ዕቃ ልገዛላት መሆኑን ስትሰማ «እኔ እያለሁ ዝማሬ የሰው ጥራጊ ልትይዝ? የዝማሬ ላፕቶፕ የኔ ነው፣ አዲስ እልካለሁ፤ ገንዘባችሁን ለሌላ አድርጉት» አልከኝ። እርግጠኛ መሆንህን ጠየቅሁህ። ቃሌ ነው አልክ። ሁለተኛም ጠየቅሁህ፤ ተቆጣኸኝ።

ቀብዴን ላስመልስ ስሄድ ሱልጣን «ጋሼ፣ የውጪው እስኪገባ የጎፋውን አይልቀቁ» ብሎ መክሮኝ ነበር። ወንድሜ ነው አልኩት። «እሱማ ወንድምዎ ነው» አለና ቀብዴን ቆጥሮ መለሰልኝ። በዚያና ባጠራቀምነው ገንዘብ የኦሊያድን የዓመት የትምህርት ቤት ክፍያ ከፈልኩ። ነሐሴ ላይ ክፍያው ጨምሮ ነበርና ተረፍን ብለን አመሰገንን። ያመሰገንነው አንተንም ጭምር ነው።

ቃልህን ጠብቀህ ላክህ፤ ይህን አልክድም። ካንተ ዘንድ የሚመላለሰው ራጉኤል ጳጉሜን ሦስት ቀን ከነማሸጊያው አምጥቶ አስረከበን። ዝማሬ ላስቲኩን እንዳይቀደድ አድርጋ በምላጭ ፈታችው፤ ላስቲኩን እንኳ አጥፋ አስቀመጠችው። አሥራ ዘጠኝ ቀን የሷ ሆኖ ቆየ። በእነዚያ ቀናት ዩቲዩብ እያየች የንድፍ ፕሮግራሙን ራሷን አስተማረች። መጀመሪያ የሠራችው የእማዬን ቤት ነው፤ ሆሳዕና ያለውን። ባለፈው ዓመት ጣራው ሊታደስ ሲል የለካሁትን ማስታወሻ ከመሳቢያዬ አውጥቼ ሰጠኋት፤ እኔ ቁጥር እየጠራሁ እሷ ትሥላለች። አንተ የተወለድክባት ጓዳ፣ አባታችን ፊቱን ወደ መንገድ አድርጎ የሚቀመጥባት በረንዳ፣ ሁሉም በልኩ ወጣ። ከልጄ ጋር አብሬ ስሠራ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ከዚያ መስከረም መግቢያ ላይ ሱቅህ ተዘረፈ። ሽጉጥ ደቅነውብህ ነፍስህ መትረፏን ስሰማ መሬት ላይ ተንበርክኬ ነው ያመሰገንኩት፤ ዓለሚቱ ትመስክር። ለዚያ ስለት መሳልህም ያንተ እና የአምላክህ ነገር ነው። ያደግንባት አጥቢያ ለመዘምራን የመዝሙር ግጥም ግድግዳ ላይ የምታሳይበት ላፕቶፕ እንደቸገራት ስትሰማ፣ ለምን ከሱቅህ፣ ለምን ከኪስህ አልሰጠህም? የዝማሬውን የመረጥከው አገር ቤት ገብቶ ስላለቀ፣ ቀረጥም መንገደኛም ስለማያስፈልገው ነው። ይህን ራስህ በዚያው መልእክት መጨረሻ ላይ «እዚያው ስላለ ይቀላል» ብለህ ተናግረኸዋል።

መልእክትህ በደረሰኝ ማግስት፣ እሑድ፣ ከሆሳዕና ስልክ ተደወለልኝ። የእማዬ ስልክ ነው፤ የያዘው ግን የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ነው፣ ድምፁንም ወደ ጉባኤው ለቀውታል። «ወንድም ላቀው፣ ኤልዳድ ለጌታ የለየው ዕቃ በእጅህ እንዳለ ነገረን፤ ጉባኤው እየሰማህ ነው» አለኝ። ከኋላው የእማዬን እልልታ ሰማሁ። ለዓመታት ጉልበቷ እምቢ ብሏት ከወንበር የማትነሣ ሴት ቆማ እልል ትላለች። ወንድሜ ቀድሞ የሰጠው ለሌላ ሰው ነው ብል ማንን አዋርዳለሁ? አንተን። በማን ፊት? በእናትህ ፊት። አሜን፣ እልካለሁ አልኩ። ስልኩን ዘግቼ ስዞር ዝማሬ በሩ ላይ ቆማለች። ሁሉን ሰምታለች። አላለቀሰችም። ላፕቶፑን በካርቶን ሳሽግ ሽቦውን ጠቅልላ አመጣችና «አባዬ፣ ቻርጀሩን እንዳትረሳው» አለችኝ።

አባታችን «ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ሲል ሰምተን አድገናል። ትርጉሙን የተረዳሁት ያንን ካርቶን ለሆሳዕና አውቶብስ ረዳት ሳስረክብ ነው። አባታችን ግን ስለ ራሱ ቃልና ስለ ራሱ ልጅ ነበር የሚናገረው። አንተ ቃሉን ሰጠህ፤ የጠፋችው የእኔ ልጅ ናት። በሥራዬ አንድ ቦታ ለሁለት ሰው የተሸጠበት ክርክር በየጊዜው ይመጣልኛል። ወሰኑን ለክቼ፣ ቀኑን አይቼ፣ ቀድሞ የገዛው ይኸኛው ነው ብዬ እፈርማለሁ። ሁለተኛው ተቀባይ እግዚአብሔር ሲሆን ግን ሰው ከማን ጋር ይከራከራል? ያንን አውቀህ ነው ያደረግኸው ብዬ እስካሁን ማመን አልፈለግሁም።

በስልኳም ትማራለች ስላልከው፣ እንዴት እንደምትማር ልንገርህ። የንድፍ ፕሮግራሙ ስልኳ ላይ አይከፈትም። የምትሠራው ጓደኛዋ ገላኔ ምሳ ልትበላ ስትወጣ በሷ ላፕቶፕ ነው፤ በቀን አርባ ደቂቃ። ገላኔ ደግ ልጅ ናት፤ ሰሞኑን ምሳዋን ቀስ ብላ መብላት ጀምራለች አሉ። መምህሩ ግን ሁለት ሥራ ሳይጠናቀቅ ስለተቀበላት በውሰት ላፕቶፕ ስቱዲዮ የሚሉት የንድፍ ትምህርት እንደማይታለፍ ነግሯታል።

ወደ ሱልጣን ተመለስኩ። ያ ላፕቶፕ ከተሸጠ ቆይቷል፤ እሱን የሚመስለው ዛሬ የአምስት ወር ደመወዜን ይጠይቃል። ሱልጣን ሊሥቅብኝ መብት ነበረው። ዋጋውን ነግሮኝ የጠየቀኝ «ወንድምዎ ግን ደህና ናቸው?» ብሎ ብቻ ነው። ደህና ነው አልኩት። አንዱን እስከ ኅዳር አሥር እንደማይሸጠው ቃል ሰጠኝ፤ ቀብድም አልተቀበለኝም። ይህ የማያውቀኝ ሰው ቃል ነው።

ኅዳር አሥር ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ትምህርት ክፍል መቀየር የሚፈልግ ተማሪ ፎርም የሚያስገባው እስከ ዓርብ፣ ኅዳር አሥራ ሁለት ነው። ዝማሬ ፎርሙን አምጥታ ሞልታዋለች። አርክቴክቸር የሚለውን «የምለቀው» በሚለው ቦታ ጽፋ፣ «የምገባበት» በሚለው ቦታ ላፕቶፕ የማይጠይቅ ትምህርት ሞልታለች። ስሙን አልጽፍልህም፤ መጥፎ ትምህርት ሆኖ አይደለም፣ የሷ ስላልሆነ ነው። የቀረው ፊርማ ነው። ትናንት እስክሪብቶ ስትጠይቀኝ የለኝም አልኳት። በሃምሳ አራት ዓመቴ እስክሪብቶ ደብቄ ልጄን ዋሸሁ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ ባልጽፈው እመርጥ ነበር። እማዬ ባለፈው ሳምንት ደውላ ስለ ላፕቶፑ ነገረችኝ። በየእሑዱ መዝሙሩ ከመውጣቱ በፊት ግድግዳው ላይ የአንድ ቤት ሥዕል ይታያል አለች። ዝማሬ የላፕቶፑ ገጽ ላይ አድርጋው ሳታጠፋው ነው የሄደው። «በረንዳ ያለው ቤት ነው፤ ሰዉ ሁሉ እንዴት ያምራል ይላል። የኛን ቤት ይመስላል ልበል ወይስ ዓይኔ ነው? ማን ሣለው?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። እማዬን ስዋሽ ይህ ሁለተኛዬ ነው፤ የመጀመሪያው «አሜን» ያልኩት ነው።

እንግዲህ የምፈልገውን ስማ። ላፕቶፑ ከቤተ ክርስቲያን ይመለስ አልልም፤ የተሰጠ ተሰጥቷል፣ የእማዬንም እልልታ አልመልስም። ለእኔም አትጻፍልኝ። ለዝማሬ ጻፍላት። ላፕቶፑ የሰጠኸው ዕለት የሷ እንደነበር በእጅህ ጽፈህ እመንላት። የሱልጣኑን ልትከፍል ወይም ሌላ ልትልክላት እንደሆነ፣ ወይም እንደማትችል፣ ለይተህ ንገራት። ሱቅህ መዘረፉን አልረሳሁም፤ «አልችልም» ማለትም መልስ ነው፣ እሷም ትረዳዋለች። ጌታ ያዘጋጅላታል የሚል መልስ ግን አልቀበልም። አዘጋጅቶላት ነበር፤ ጳጉሜን ሦስት ቀን በራጉኤል እጅ።

ኤሌኒን ወገቧን እንድታሳርፍ ላቀው ብሏል በላት፤ ከእሷ ጋር ጠብ የለኝም። ትንሹን ምሥጋናን ጉንጩን ሳምልኝ፣ አጎቱ እንደሚወደው ንገረው። ዓለሚቱ ሰላም ትልሃለች፤ ሰላምታዋ አጭር ከሆነብህ ምክንያቱን ታውቀዋለህ። ኦሊያድ ማልያውን አልረሳህም ወይ ይላል፤ እሱ አሁንም ያምንሃል። ዝማሬ ደብዳቤ እንደምጽፍልህ አታውቅም፤ ብታውቅ ግን «ለኤልዱ ሰላም በልልኝ» ማለቷ አይቀርም ነበርና ሰላምታዋን እኔው ጽፌልሃለሁ።

ራጉኤል ሐሙስ ስለሚመለስ ይህን በእጁ ሰጥቼዋለሁ፤ ዓርብ ይደርስሃል። በድምፅ እንዳትልክ፤ ድምፅ ነገ አልተባለም ይባላል። በእጅህ ጽፈህ፣ ፈርመህ፣ ፎቶ አንስተህ በዝማሬ ስልክ ላይ ላክ። የምጠብቀው እስከ ረቡዕ ኅዳር 10 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ነው። ሰዓቱ ካለፈ እስክሪብቶውን እሰጣታለሁ።

ወንድምህ ላቀው
መካኒሳ አቦ፣ ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 23 ቀን 2018 ዓ.ም.