ሰማያዊውን ቢን ከመውሰድዎ በፊት

ለክቡር አቶ መዝገቡ፣
በቴክሳስ፣ ጋርላንድ፣ የመንገዳችን የቤት ባለቤቶች ማኅበር የሪሳይክል ተቆጣጣሪ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም በየማክሰኞው ጠዋት በሰው ቢን ላይ የሚጎነበሰው ወገብዎ እንደምን አለልኝ? የባለቤትዎ የወይዘሮ ሰብለወርቅስ ጤና? እኔ፣ ለቸሩ አምላክ ምስጋና ይግባውና፣ ከሁለት ቀይ ካርዶች በስተቀር ደኅና ነኝ።

እስካለፈው ፋሲካ ድረስ እኔ አንተ እልዎት፣ እርስዎም ጋሼ ወልዴ ይሉኝ እንደነበር አልዘነጋሁም። ነገር ግን ማኅበሩ አረንጓዴውን ሰደርያ ካለበሰዎት ወዲህ በቀድሞው አፌ መጥራት ድፍረት መስሎ ስለታየኝ አንቱታዬን ይቀበሉኝ። በቤተ ክርስቲያናችን ወርኃዊ መጽሔት ላይ፣ በአደባባይ መጻፌንም አይቀየሙኝ። የሰውን ጉዳይ አደባባይ ማውጣት ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ እንዴት እንደሆነ ከታች ይመጣል።

ለማያውቀው አንባቢ ነገሩ እንዲህ ነው። በመንገዳችን ማክሰኞ ማክሰኞ እያንዳንዱ ቤት ካርቶኑን፣ ጣሳውንና ጠርሙሱን፣ ዳግም ሥራ ላይ እንዲውል፣ በሰማያዊ ቢን፣ በዚያ ባለ ጎማ በርሜል፣ አድርጎ ደጁ ላይ ያቆማል። መኪናው መጥቶ ከመጫኑ በፊት ክቡርነታቸው ጓንታቸውን አጥልቀው ክዳን እየከፈቱ ያያሉ። ከሁሉ ንጹሕ ሆኖ ያገኙት አንድ ቢን ላይ አረንጓዴ ሪባን ያስራሉ፤ ያጠፋው ላይ ቀይ ካርድ ይለጥፋሉ። ሦስት ቀይ ካርድ ያገኘ ሰው ቢኑ ይወሰድበታል። እኔ ሁለት አለኝ። ሪባኑ ደግሞ ከሹመቱ ወዲህ ዘጠኝ ጊዜ ከእኔ ቤት ቀጥሎ ላለው ቤት ተሰጥቷል፤ ያ ቤት የተቆጣጣሪው የራሳቸው ነው። ዳኛውና ባለጉዳዩ አንድ ሰው ሲሆኑ ፍርድ ምን ያህል እንደሚፋጠን ስላሳዩን እናመሰግናለን። አሁን አቤቱታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ። የመጀመሪያዋ ቀይ ካርድ የመጣችው ጣሳና ጠርሙሱን በፌስታል ቋጥሬ በማውጣቴ ነው። እኔ ያደግሁት ሳይቋጠር ከደጅ የወጣ ነገር የቤት ገመና ነው ተብሎ ነው። እርስዎ ግን በትዕግሥት፣ «ጋሼ፣ ሶ፣ ፌስታሉ እኮ ማሽኑ ላይ ይጠመጠማል፤ ሠራተኞቹ ማሽኑን ስቶፕ አድርገው በቢላዋ ነው የሚቆርጡት» ብለው አስረዱኝ። እውነትዎን ነው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። እንዲያውም ይህን ከእርስዎ በፊት የነገረችኝ ሰው ነበረች። ባለቤቴ የትምወርቅ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሕመሙ ሲጠናባት ይህን ሥራ ብቻዬን እንደምሠራው አውቃ፣ በነጭ ቀለም ክዳኑ ላይ ጽፋልኝ ነበር፦ «ወልዴ፣ ጣሳ እጠብ። ካርቶን እጠፍ። ፌስታል አታስገባ።» እኔ ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ የማኅበሩን የእንግሊዝኛ ወረቀት የምታነብልኝ እሷ ነበረች።

ታዲያ የማመለክተው ካርዱ ስለመሰጠቱ አይደለም፤ ስለተለጠፈበት ቦታ ነው። ያ ሁሉ ሰፊ ክዳን እያለልዎት እርስዎ ስሜ ላይ ለጠፉት። በሞቀ ውሃና በዘይት እያራስኩ ግማሽ ቀን ብታገልም ቀለሙ ከሙጫው ጋር ተነሣ። አሁን ክዳኑ ላይ ትእዛዙ አለ፤ የሚታዘዘው ሰው ስም ግን የለም። ስለ ሙጫው ጥራት ለማኅበሩ ልባዊ አድናቆቴን ያድርሱልኝ።

ሁለተኛ። በሁለተኛዋ ካርድ የተከሰስኩት ውሃ ያለባት ጠርሙስ በመጣሌ ነው። ደንቡ ባዶ፣ ንጹሕ፣ ደረቅ ይላል። ያቺ ጠርሙስ ግን ጸበል ነበረች፤ የትምወርቅ በሕመሟ ወራት ስትጠጣው ቆይታ የተረፈው ግማሹ። አሥራ አራት ወር ፍሪጅ ላይ ተቀምጣ ታየኝ ነበር። ጸበል ዕቃ ማጠቢያ ውስጥ አይደፋም፤ ሣሩ ላይ እንዳላፈሰው የሰውም የውሻም እግር ይረግጠዋል። የንስሐ አባቴ፣ «እግር የማይደርስበት የዛፍ ሥር ፈልግ» ብለውኝ ነበር፤ ዛፍም አላጣሁም፤ ከጓሮዬ አጥር ጥግ በለስ አለች። እጄ ነው እምቢ ያለኝ። ማፍሰሱም፣ ማየቱም ሲያቅተኝ በዚያ ማክሰኞ ክዳኗን ጠበቅ አድርጌ ከጣሳዎቹ መሀል አስገባኋት። ጥፋት ነው፤ አልክድም።

እርስዎ ጠርሙሷን ከቢኑ አወጡ፣ ፎቶ አነሡ፣ በውሃው ዙሪያ ቀይ ክብ አደረጉና በሰፈራችን ሐበሾች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ፣ «ጋይስ፣ ፕሊስ፣ ቦትል ኢምፕቲ አድርጉ» ብለው ለቀቁት። ሔራን የሳቅ ምልክት ላከች። ዓለምጌጥ፣ «ውይ፣ ይሄ የማን ነው?» አለች። የማን እንደሆነማ ከቀዩ ክብ ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ፣ የትምወርቅ በእጇ የሣለቻት መስቀል ላይ ይታይ ነበር። ቀብሯ ላይ አፈር የመለሱት እርስዎ መስቀሏን አላዩአትም አልልም፤ ሥራ በዝቶብዎት ነው።

ሦስተኛ፣ ሪባኑን በሚመለከት። ጣሳውን በዕቃ ማጠቢያው የመጨረሻ ውሃ አለቅልቆ ፎጣ ላይ በአፉ መድፋት፣ ካርቶኑን በስፌቱ ከፍቶ እንደ ነጠላ ማጠፍ፣ የዘይቱን ጠርሙስ በጥቂት ሳሙና ነቅንቆ ማጥራት፤ ይህን ሁሉ ለወይዘሮ ሰብለወርቅ በገዛ ማድ ቤትዎ ቆማ ያሳየቻቸው ማን እንደነበረች እሳቸውን ይጠይቋቸው። ያኔ እርስዎ ሶፋ ላይ ሆነው፣ «እናንተ ሴቶች፣ ቆሻሻ ታጥባላችሁ እንዴ?» ብለው ስቀውባቸው ነበር። ዛሬ የዚያ ቆሻሻ ባለሥልጣን ለመሆን ስለበቁ እንኳን ደስ አለዎት። ከዘጠኙ ሪባን አንዱ እንኳ መንገዱን ስቶ ወደ እኔ በር ቢመጣ ባለቤቱን ያገኝ ነበር እንጂ አይጠፋም ነበር።

አራተኛው አቤቱታ በራሴ ላይ ነው። ሳልጽፈው ብቀር ከላይ ያሉት ሦስቱ ውሸት ይሆኑብኛል።

የእኔ ማድ ቤት መስኮት ከእርስዎ ማድ ቤት መስኮት ጋር ይተያያል። ሰኞ ሰኞ ከኤርፖርት ሥራዎ ሲመለሱ ወይዘሮ ሰብለወርቅ ያጥባሉ፣ እርስዎ ያደርቃሉ። ባለፈው ሳምንት መስኮቱ ተከፍቶ ነበርና፣ «አንተ ሰውዬ፣ የደረቀውን ታደርቀዋለህ እንዴ?» ብለው ወይዘሮ ሰብለወርቅ ውሃ ሲረጩብዎት ሰማሁ። እርስዎም ሳቁ። እኔ በዚያች ሰዓት አንዲት የቲማቲም ጣሳ ይዤ ነበር። ካጠብኳት ቆይቼ ነበር፤ ግን መስኮቱ ስር የምቆምበት ሰበብ እንዳላጣ ደግሜ፣ ደጋግሜ አጠብኳት። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ በጸሎቴ መሀል የሚመጣብኝ የእርስዎ ሳቅ ሆነ።

ለንስሐ አባቴ፣ «በጎረቤቴ ቀንቻለሁ» አልኳቸው። «በምኑ? በቤቱ ነው? በመኪናው?» ቢሉኝ፣ «በቆሻሻው፣ አባ» አልኳቸው። ቀልድ መስሏቸው ፈገግ አሉ። ቀልድ አልነበረም። ሪባኑን አልመኘሁም፤ ማክሰኞ መድረሱን የሚያስታውሰኝ፣ የደረቀውን ሳደርቅ የሚቆጣኝ ሰው ነው የተመኘሁት። ይህን ቅናት በእርስዎ ላይ ማሳደሬን እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ እርስዎም ይቅር ይበሉኝ። ለጊዜው ግን እንዳለ ነው።

እንግዲህ የፊታችን ቅዳሜ ማኅበሩ ተሰብስቦ የሦስተኛ ካርዴን ጉዳይ እንደሚያይ ሰምቻለሁ፤ የፒዛ ካርቶኔ ዘይት ነክቶት ተገኝቷል ተብሏል። አልከራከርም፤ ነክቶታል። ልመናዬ አንድ ብቻ ነው። ቢኑን ከነጎማው ይውሰዱት፤ ክዳኑን ግን ይተዉልኝ። ሁለት ብሎን ነው፣ ራሴ እፈታዋለሁ። ቢኑ ለሚደርሰው ሰው አዲስ ክዳን እገዛለሁ። የእሷ እጅ ጽሕፈት በዚህ ቤት የቀረው እዚያ ላይ ብቻ ነው።

የተቆጣጣሪነት ዘመንዎ ይባረክ፤ ጓንትዎ አይቀደድ፤ ሰደርያዎ በቴክሳስ ፀሐይ አይንጣ፤ በሌላ ሰው ክዳን ውስጥ የሚያዩትን ያህል በራስዎም ውስጥ የሚያሳይ ብርሃን ያድልዎ እያልኩ፣ ወገቤን አጥፌ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ እሰናበትዎታለሁ።

አክባሪ ጎረቤትዎ፣
ባለ ሁለት ቀይ ካርዱ ወልዴ

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ጠርሙሷን ለማስረጃ ብለው እንደወሰዷት አልመለሷትም። ጋራዥዎ ውስጥ ካለች ይዘውልኝ ይምጡና በለሷ ሥር ጸበሉን አብረን እናፍስሰው፤ ብቻዬን እጄ እምቢ ስላለኝ ነው፤ ሰደርያውን ግን ቤት ይተዉት። ደንቡን አክብረው ባዶ አድርገዋት ከሆነ ደግሞ፣ ያፈሰሱበትን ቦታ ፎቶ አንሥተው፣ እንደ ልማድዎ ቀይ ክብ አድርገውበት ይላኩልኝ፤ በዚያ ሳልፍ እንዳልረግጠው።