የእህቴን አምቡላንስ ስለተቀበለው መጋዘናችሁ

እታለም፣ እንደምን አደርሽ? ቁጭ በይና ይህችን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት እንደ ልማድሽ እያረምሽ አንብቢልኝ። ትልቅ ሰው ስወቅስ በ«እርስዎ» ጀምሬ ከዚያ በኋላ የልቤን እንድናገር ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ይኸው እንዳልሽው አድርጌያለሁ። የበዛ ቃል ካገኘሽ ሰርዢው፤ ካልሰረዝሽው እንደፈቀድሽ እቆጥረዋለሁ።

ለክቡር የስልክ አገልግሎት ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

የከበረ ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎ። ለእርስዎም ለቤተሰብዎም ሙሉ ጤና እመኛለሁ። በተለይ ትንፋሽ እንዳያጥርዎ ከልቤ እመኛለሁ፤ ቤትዎ ያለው ስልክ የራስዎ ድርጅት ያስገባው ከሆነ ትንፋሽ ማጠር አያዋጣዎትም።

እኔ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። እናትና አባታችን ካለፉ ወዲህ ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ነበረች። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለችው ቤታችን መጋረጃና የተማሪ ልብስ ትሰፋ ነበር፤ ከስፌት መኪናዋ ጎን ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ስልክ የደንበኞቿን ልክ እየተቀበለች በጠመኔ እዚያው ግድግዳው ላይ ትጽፈው ነበር። አስም ነበረባት። ድርጅትዎ የድሮውን የሽቦ መስመር አንስቶ በኢንተርኔት በሚሠራ ስልክ ለወጠልን፤ በሦስተኛው ሳምንት እህቴ ሞተች። በመካከሉ ስለዋላችሁልን ውለታ በቅደም ተከተል ላመሰግን ተነሣሁ።

አንደኛ፣ ስለ ፍጥነታችሁ። የላካችሁልን ቴክኒሻን የሕንፃችን ሰው በአንድ ቀን «ቶሎ ቶሎ» የሚል ስም ያወጣለት ትጉህ ሠራተኛ ሲሆን፣ አሮጌውን ሽቦ በፒንሳ ቆርጦ፣ መብራቷ የምትብለጨለጭ ሣጥን መደርደሪያችን ላይ አስቀምጦ፣ «አለቀ» ለማለት ሃያ ሁለት ደቂቃ ብቻ ፈጅቶበታል። እህቴ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳደረገች፣ «ወንድሜ፣ አድራሻችንን አትጽፍም እንዴ?» ብላ ጠይቃው ነበር። እሱም ቀና ሳይል፣ «እሱን ሲስተሙ ራሱ ያውቀዋል፣ እህቴ» አላት። እኔም ከአፉ ቀበል አድርጌ፣ «እታለም ደግሞ፣ ሲስተም እኮ ነው!» ብዬ ሳቅኩባት። አብረን ሳቅን፣ ክቡር ሆይ፤ እኔና የእርስዎ ሠራተኛ። ስለዚህ ከምስጋናው ላይ የእኔን ድርሻ ቀንሰው ይውሰዱ።

ሁለተኛ፣ ስለ ድምፃችሁ ጥራት። በዚያ ሐሙስ ረፋድ ላይ ያለችን አንዲት ሞባይል ከእኔ ጋር ትምህርት ቤት ነበረች። እህቴ በአፏ የምትስበው የአስም መድኃኒቷ አልቆ ትንፋሽ ሲያጥራት በእናንተ ስልክ የአደጋ ጊዜ ጥሪ ደወለች። ከቀብሩ በኋላ እኔ ጋ የከረመችው አክስቴ አቤት ብላ በጻፋችሁላት የማጣሪያ ደብዳቤ ላይ፣ «ጥሪው ለሁለት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ያለ አንዳች መቆራረጥ ተላልፏል» ብላችሁ በኩራት ገልጻችኋል። እውነት ነው። ቅጂውን ሄደን ሰምተነዋል። ሲጢጥ ሲጢጥ የሚለው ትንፋሿ ከአጠገቤ የተቀመጠች ያህል ጥርት ብሎ ይሰማል። ጥሪ ተቀባይዋ፣ «መናገር ካቃተሽ፣ የኔ እናት፣ አንድ ቁልፍ ተጫኚልኝ» አለቻት። ተጫነች። «ጎሽ። አድራሻሽ እዚህ ይታየኛል፣ መኪናው ወጥቷል፣ አይዞሽ» አለቻት። የድሮው መስመር ቢሆን የሚታየው አድራሻ የእኛ ነበር። የእናንተው ግን የራሳችሁን የዕቃ መጋዘን አሳየ።

እህቴ አመነቻችሁ። እኔ የማልረሳው ይህን ነው። የጎረቤት በር ለማንኳኳት አሥር እርምጃ ይበቃት ነበር። መኪናው ወጥቷል ስለተባለች ግን ለሚመጡት ሰዎች እንዳትቸግራቸው ብላ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተች፣ ወንበሯን በሩ ፊት ለፊት አመቻቸችና ተቀምጣ ጠበቀች። ለምሳ ስመለስ ያገኘኋት እንደዚያው ተቀምጣ ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ እንግዳ አቀባበላችሁ። አምቡላንሱ በዘጠኝ ደቂቃ ውስጥ መጋዘናችሁ በር ላይ ደርሷል። ሾፌሩ ለአክስቴ እንደነገራት ጥበቃችሁ በትሕትና ወጥቶ፣ «እዚህማ ከካርቶንና ከገመድ በቀር ማንም የለም፣ ጌታዬ» ብሎ አስረድቷቸዋል። እነሱም አንድ ሩብ ሰዓት ያህል ግቢውን ዞረው፣ ካርቶኖቻችሁ በሙሉ በደህና መተንፈሳቸውን አረጋግጠው ተመልሰዋል። ለካርቶኖቻችሁ እንኳን ደስ ያላችሁ።

አራተኛ፣ ስሕተት አለመሆኑን ስላስረዳችሁን። ፎርሙ አድራሻ ካልተሞላለት አልዘጋ ስለሚል፣ ሠራተኞቻችሁም ከምሳ በፊት አሥራ ሁለት ቤት መጨረስ ስላለባቸው፣ በየቤቱ የመጋዘኑን አድራሻ «በጊዜያዊነት» ሞልተው ኋላ እንዲያስተካክሉ ፈቅዳችሁላቸው እንደነበር በደብዳቤያችሁ አንብበናል። የእኛ ኋላ ሳይመጣ ቀረ እንጂ አሠራሩስ ግሩም ነው።

አምስተኛ፣ አድራሻው ቢያንስ አሁን ይስተካከል ብዬ ቢሮአችሁ ስመጣ መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛችሁ፣ «የመስመሩ ባለቤት መታወቂያዋን ይዛ በአካል ካልቀረበች አይቻልም» ብላ በፈገግታ መልሳኛለች። መልእክቱን መቃብሯ ድረስ ሄጄ ቃል በቃል ነግሬያታለሁ። ሰው በማስጠበቅ የምትታማ አልነበረችም፤ ሆኖም ቀጠሮዋን እስካሁን አላሳወቀችኝም። እስከዚያው በትዕግሥት እንድትጠብቋት በስሟ እለምናለሁ።

ለእህቴ የምትመልሱልኝ ነገር እንደሌለ አውቃለሁ። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። በዚያ ቀን በእኛ ሕንፃ ብቻ አሥራ ሁለት ቤት ገብታችኋል። የቀሩትን አሥራ አንድ አድራሻዎች፣ ሌላ ሰው በሩን ከፍቶ ተቀምጦ ከመጠበቁ በፊት፣ አስተካክሉ። በቶሎ ቶሎ ፍጥነት ከግማሽ ቀን በላይ አይፈጅባችሁም።

ጊዜዎን ስለተሻማሁብዎ ይቅርታዎን እየጠየቅሁ፣ ሣጥንዎ መደርደሪያችን ላይ ዛሬም ሌትና ቀን በታማኝነት እየተብለጨለጨች መሆኗን እያበሠርሁ፣ ለድርጅትዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለእርስዎም ዕድሜዎን በሙሉ በሩን እያዩ የሚጠብቁበት ምቹ ወንበር እየተመኘሁ እሰናበታለሁ።

የደንበኛችሁ ታናሽ ወንድም

ከፊርማ በኋላ፦ አክስቴ ወደ ቤቷ ከተመለሰች በኋላ ብቻዬን ባደርኩበት ማግሥት፣ ጠዋት ተነሥቼ ፊቴን ታጥቤ የጎረቤቶቼን በር አንድ በአንድ አንኳኳሁ። ከየቤቱ ስልክ ወደ መረጃ ክፍላችሁ እየደወልሁ የተመዘገበውን አድራሻ አስነበብሁ። ከአሥራ አንዱ ስምንቱ እናንተ መጋዘን ውስጥ ይኖራሉ። በስምንቱም ስልክ ላይ እንዲህ የሚል ወረቀት ለጠፍሁ፦ «ሲያምዎ አድራሻዎን በአፍዎ ይናገሩ። መናገር ካቃተዎት መጋዘኑ በር ድረስ ሄደው ይውደቁ፤ አምቡላንሱ የሚመጣው እዚያ ነው።» የልብ ሕመም ያለባቸው፣ ምድር ቤት የሚኖሩት ጡረተኛ አናጢ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡትና፣ «ከታመምኩ በኋላማ የት እደርሳለሁ ልጄ፤ ደህና ሳለሁ ልሂድ እንጂ። ጫማዬን አቀብለኝ» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። አልነበረም። ጎንበስ ብዬ ክሩን አሰርሁላቸውና ክንዳቸውን ይዤ ወጣን። መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ አርፈን በሃምሳ ሁለት ደቂቃ ደረስን። የመጋዘንዎ በር ተቆልፎ ነበር።