ጀርባቸውን ስለሰጡን ሃያ አውቶቡሶች

ለተከበሩ የከተማ አውቶቡስ ዴፖ ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ይህ ደብዳቤ እርስዎንም መላ ቤተሰብዎንም በሙሉ ጤንነት፣ በተለይም በሰፊ ደረትና በረጅም ትንፋሽ እንዲያገኛችሁ እመኛለሁ። እኔ ከዴፖዎ ጋር በአንድ ግንብ በሚዋሰነው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙዚቃ ያስተማርኩ መምህርት ነኝ። ከዚህ ቀደም በሦስት ደብዳቤ ያስቸገርኩዎ ሴትዮም እኔው ነኝ። አራተኛውን ሁሉም እንዲያነበው ግልጽ ደብዳቤ ያደረግኩት እርስዎን ለማሳጣት እንዳይመስልዎ፤ ሦስቱ በፋይል ውስጥ ታፍነው ስለቀሩ፣ ይኼኛው እንኳ ትንሽ አየር ያግኝ ብዬ ነው።

ቁጥር የሌለው አቤቱታ መዝገብ ቤትዎ እንደማይቀበል ጸሐፊዎ ስለነገረችኝ፣ ጉዳዬን እንደ ወጉ በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ሃያ አውቶቡሶችዎ በየጠዋቱ ጀርባቸውን ለግንባችን ሰጥተው ሞተር ያሞቃሉ። ከግንቡ ወዲህ፣ ስድስት እርምጃ ያህል ርቆ፣ የሁለተኛ ክፍል መስኮት አለ። በዚያ ክፍል አርባ ሦስት ልጆች ተመዝግበዋል፤ የጠዋቱን የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜም የማስተምራቸው እኔ ነኝ። ትምህርቱን የምንጀምረው ልጆቹ እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አድርገው፣ አየር በደንብ ስበው፣ አንዲት ድምፅ ሳያቋርጡ እያዜሙ እንዲቆዩ በማድረግ ሲሆን የእኔ ሥራ መቁጠር ነው። ከረጅሙ እረፍት በተመለሱ ሰሞን አብዛኞቹ እስከ አሥራ ሁለት ይዘልቃሉ። በሁለተኛው ወር ላይ ስምንት ሳንደርስ ሳል ይጀምራል። አንዱ ሲስል ከወዲያ ማዶ ሌላው ይቀበለዋል፣ ከኋላ ወንበር ደግሞ ሦስተኛው ይደርባል። እንዲህ ያለ የተዋጣ ቅብብል በመዝሙር አግኝቼ ስለማላውቅ፣ ድርጅትዎ ለሙዚቃ ትምህርት ያደረገውን አስተዋጽኦ ሳላመሰግን አላልፍም።

፪. ለደብዳቤዎቼ የሰጡኝ መልስም ምስጋና ይገባዋል። በመጀመሪያው መልስዎ፣ ጭስ በተፈጥሮው ወደ ላይ የሚወጣ በመሆኑ በልጆቹ አናት ላይ አልፎ እንደሚሄድ አስረዱኝ። እኔ ሙዚቃ እንጂ ሳይንስ ስላልተማርኩ አምኜ ተቀበልኩ፤ ለጭሱ ግን ግልባጩ አልደረሰውም መሰለኝ፣ እንደ ልማዱ በመስኮት መግባቱን ቀጠለ። በሁለተኛው መልስዎ መስኮቱን እንድንዘጋ መከሩን፤ ዘጋነው። በሦስተኛው ቀን ሁለት ልጆች ከሙቀቱ የተነሳ አዙሯቸው ስለወደቁ፣ ምክርዎን እያከበርን መስኮቱን መልሰን ከፈትነው። ሦስተኛው መልስዎ ደብዳቤ ሳይሆን «ንጹሕ አየር ለሕፃናት ጤና» የሚል ባለ ቀለም ፖስተር ነበር። በክብር ሰቀልነው። ነጭ የነበረው ዳር ዳሩ አሁን አመድማ ስለሆነ ልጆቹ በጣታቸው ስማቸውን ይጽፉበታል፤ ለጽሕፈት ትምህርትም እንደጠቀመን ይወቁልን።

፫. ከእነዚህ ልጆች አንዷን ጓደኞቿ ፊሽካ ይሏታል። ሰባት ዓመቷ ነው። ስሙ የወጣላት ስትተነፍስ ደረቷ ስለሚያፏጭ ሲሆን፣ እሷ ግን አልከፋትም፤ እንዲያውም እረፍት ሲያልቅ «ግቡ፣ ፊሽካ ተነፍቷል» እያለች በራሷ ታስቅ ነበር። አባቷ የእርስዎ ሠራተኛ ነው፤ ከሃያዎቹ አውቶቡሶች አንዱን አሥር ዓመት ነድቷል። ጠዋት ጠዋት ልጁን እጇን ይዞ ያመጣና በራችን ላይ ግንባሯን ስሞ ያስገባታል፤ ከዚያ በዴፖው በር ገብቶ ሞተሩን ያስነሳል። ሁለቱን ነገር አያይዞ አይቶት አያውቅም። እኔም ሁለቱንም በየቀኑ እያየሁ ነገሬ ብዬ አልነገርኩትም፤ ይህን ጥፋት በእርስዎ ላይ ማላከክ አልፈልግም።

ባለፈው ወር አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ እየቆጠርኩ ሳለ ፊሽካ አራት ላይ አቆመች። ትከሻዋ ወደ ላይ ይነሳል፣ አንገቷ ይገተራል፣ አየሩ ግን አይገባላትም፤ ከንፈሯ ጠቆረ። አቅፌያት ወጣሁና ወደ እናንተ በር ሮጥኩ፤ መኪና ያለው እናንተ ዘንድ ነውና። አባቷ መሪው ላይ ተቀምጦ ነበር። ሲያየን በሩን ከፈተልን፣ ልጅቷን ታቅፌ ከኋላው ተቀመጥኩ፣ ባዶውን አውቶቡስ እየነዳ ጤና ጣቢያ አደረሰን። ይህን ጉዞ ከመስመር ውጪ የተደረገ ያልተፈቀደ ስምሪት ብለው በማኅደሩ ውስጥ እንዳስገቡበት ሰምቻለሁ፤ በአሠራር ቀልድ እንደማያውቁ የሚያሳይ ስለሆነ አክብሮቴ ጨምሯል።

ሐኪሟ መድኃኒቱን በአፏ እንድትስብ አድርጋ፣ ትንፋሿ ቀስ በቀስ ከተመለሰ በኋላ፣ ወደ አባትየው ዞር ብላ «ቤት ውስጥ የሚያጨስ ሰው አለ እንዴ?» ብላ ጠየቀችው። «ኧረ የለም» አላት። «ታዲያ ጭስ ያለበት ቦታ ትውላለች?» ስትለው የራሱን እጅጌ አንስቶ አሸተተ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ሐኪሟም ልጆች ከእኛ ይልቅ ቶሎ ቶሎ እንደሚተነፍሱ፣ ሳንባቸውም ገና በማደግ ላይ ያለ መሆኑን፣ አስም ያለባት ልጅ በጭስ መሐል እየዋለች መድኃኒቱ ብቻውን እንደማያዘልቃት ረጋ ብላ ነገረችን። አልተቆጣችንም። ብትቆጣን ይቀለን ነበር።

በዚያው ሳምንት ፊሽካ ከከተማው ዳር ወዳለው የአክስቷ ቤት ተላከች። አክስቷ እንደምትለው፣ ሁለት ሳምንት ሳይሞላት ገመድ መዝለል ጀምራ አሁን በቃሽ የሚላት ጠፍቷል፤ ደረቷም ጸጥ ብሏል። አባቷ የሚያያት እሑድ እሑድ ነው። በቀሩት ቀናት የሌሎች ሰዎችን ልጆች ከየሰፈራቸው ወደ ትምህርት ቤት ሲያደርስ ይውላል።

፬. የመጨረሻው ነጥብ የእርስዎን ጤና የሚመለከት በመሆኑ በጥንቃቄ እጽፈዋለሁ። አባትየው ከጤና ጣቢያ በተመለሰ ማግስት አውቶቡሱን አዞረው፤ አፍንጫውን ለግንቡ፣ ጭስ ማውጫውን ለግቢው ሰጠ። ባልደረቦቹ ምን ሆነህ ነው ቢሉት «ልጄ ናት እኮ» ብቻ አላቸው። በሦስተኛው ቀን ሃያውም ዞረው አደሩ፤ እኛም ከስንት ጊዜ በኋላ አንድ ክፍለ ጊዜ ሳል ሳይሰማ ጨረስን። ከግቢው ማዶ ያለው መስኮት የእርስዎ መሆኑን፣ ሙያዬ ባይሆንም፣ አስቀድሜ ላሳስባቸው ይገባኝ ነበር። በአምስተኛው ቀን ጸሐፊዎን ሳል እንደጀመራት፣ እርስዎም ጉሮሮዎን ታመው ሁለት ቀን ከቤት እንደዋሉ በሰማሁ ጊዜ ከልብ አዘንኩ፤ እግዜር ይማርዎ።

ሲመለሱ በሰሌዳው ላይ ያወጡትን ማስታወቂያ ግን ቃል በቃል ገልብጬ ይዣለሁ፦ «የሞተር ጭስ በሰው ጤና ላይ ጉዳት የሚያደርስ መሆኑ ስለታወቀ፣ ማንኛውም ተሽከርካሪ ጭስ ማውጫውን ወደ አስተዳደር ሕንፃው አዙሮ እንዳይቆም በጥብቅ እናሳስባለን።» ክቡር ሆይ፣ እኔ በሦስት ደብዳቤ ላስረዳ ያልቻልኩትን እርስዎ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስቀመጡት። አርባ ሦስት ልጆች ሲስሉ ያልታወቀ ነገር በአንድ ጉሮሮ መታወቁ፣ የጉሮሮዎን ክብደት የሚመሰክር ነው። አባትየው በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው፤ አውቶቡሶቹም እንደ ቀድሞው ጀርባቸውን ሰጡን።

ከዚህ በታች ያለው አቤቱታ ስላልሆነ ቁጥር አልሰጠሁትም። ከዴፖው መጨረሻ፣ አሮጌ ጎማ የተከመረበት ባዶ ቦታ አለ፤ በዙሪያው ቤትም ቢሮም የለም። አውቶቡሶቹ እዚያ ቆመው ቢሞቁ የሚጎዳ ሰው አይታየኝም። ሾፌሮቹ ጎማውን በአንድ ቅዳሜ እናነሳዋለን ብለዋል፣ ወላጆችም ሊያግዟቸው ቃል ገብተዋል። የጎደለው የእርስዎ ፊርማ ነው።

ፊርማው እስኪደርቅ ድረስ ልጆቹ ሥራ እንዳይፈቱ፣ የወላጆች ኮሚቴ ባለፈው ዓርብ ተሰብስቦ የጠዋቱ የሙዚቃ ክፍለ ጊዜ ከፊታችን ሰኞ ጀምሮ በእርስዎ ቢሮ በረንዳ ላይ እንዲሰጥ ወስኗል፤ በማስታወቂያዎ መሠረት ከጭስ የተጠበቀው ቦታ እሱ ብቻ ነውና። ርዕሰ መምህራችን ፈርመውበታል። የበር ጥበቃዎ ልጅም ሁለተኛ ክፍል ስለሆነች በሩ ላይ ችግር አይገጥመንም። አባትየው ፊሽካን ከአክስቷ ቤት ራሱ ያመጣታል፤ ስቆጥር ስንት ድረስ እንደምትዘልቅ ለማየት እኔም ከሰኞ በፊት እንቅልፍ አይወስደኝም። ልጆቹ ከዘፈኑ መሐል አውቶቡሶቹ ለምን ወደ እኛ ብቻ እንደሚዞሩ መጠየቃቸው አይቀርም። መልሱን ለእርስዎ ትቼዋለሁ፤ እንዳልኩት፣ እኔ ሳይንስ አልተማርኩም።

ለበረንዳዎ አየር ያለዎትን ተቆርቋሪነት ሳደንቅ ውዬ የማልጠግብ፣ ከግንቡ ማዶ ያለሁ ታዛዥ ጎረቤትዎ፣

የሙዚቃ መምህርቷ

ግልባጭ፦
ለሃያዎቹ ሾፌሮች
ለአርባ ሦስቱ ልጆች ወላጆች
ለትምህርት ቤታችን የውጭ በር

ማሳሰቢያ፦ በዋናው ደብዳቤ ግርጌ የሚያዩት ጥቁር ነገር የቀለም ጠብታ አይደለም። ጠዋት መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ስጽፍ ከእናንተ በኩል መጥቶ ያረፈ ነው። ከድርጅትዎ የመጣ ስለሆነ እንደ ማኅተም ቆጥሬው፣ ደብዳቤው ደርሶዎታል ብዬ በመዝገባችን አስፍሬያለሁ።