«ሰው የለበትም» ተብሎ ስለተሸጠልን ቤት

ስሙን ለክብሩ ስል ለማልጠራው ባንክ፣ የማስያዣ ንብረቶች ሽያጭ ክፍል ለተከበሩ ኃላፊ፤

ይህ ደብዳቤ እርስዎንም፣ ቤተሰብዎንም፣ ማንም ለሐራጅ የማያወጣው ቤትዎንም በደህና እንዲያገኝ እየተመኘሁ ከመርካቶ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ፣ ባለቤቴ ኢክራና ሁለቱ ልጆቻችን አልሐምዱሊላህ በሕይወት አለን። ደህና ነን እንዳልል ግን ልባችን ገና ወደ ቦታው አልተመለሰም።

ሙናዊር እባላለሁ፤ ብርድ ልብስ ነጋዴ ነኝ። ዕድሜያችንን ጎጃም በረንዳ በኪራይ ከገፋን በኋላ፣ በ2002 ዓ.ም. ባንክዎ ባለዕዳው መክፈል ስላቃተው የያዘውን አንድ ቤት መሳለሚያ አካባቢ ለሐራጅ ማውጣቱን በጋዜጣ አየን። ተጫረትን፤ አሸነፍን። እንደ ዕድለኛ ሰው እልል ብለንም ነበር። ከዚያ ወዲህ የደረሰብንን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስለ ጉብኝቱ። ባለሙያዎ አቶ ኃይለየሱስ ቤቱን ሲያስጎበኙን፣ ከጓሮ ያለውን በጓጉንቸር የተቆለፈ ክፍል አይቼ ምንነቱን ጠየቅኋቸው። «ዕቃ ቤት ነው፤ ሰው የለበትም። ስትገቡ ሰብራችሁ ክፈቱት» አሉኝ። ስለ ቸርነታቸው አመሰግናለሁ። ሳልሰብረው በመቆየቴ ደግሞ ፈጣሪን አመሰግናለሁ።

፪. ስለ ሳሉ። በገባን ሰሞን መግሪብ ሰግጄ ስነሳ ከጓሮ ሳል ሰማሁ። ኢክራ ልጆቹን ወደ ራሷ ሰበሰበች። እኔም የቤቱ አባወራ ነኝና ዱላ ብፈልግ አጥቼ መጥረጊያ ይዤ ወጣሁ። የዕቃ ቤቱ በር ተከፍቷል። አንዲት አሮጊት በርጩማ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ለብ ባለ ውሃ ይታጠባሉ።

«እናንተ ናችሁ የምንይሉ ተከራዮች?» አሉኝ። «እንኳን መጣችሁ ልጄ። ጠበል ሰንብቼ መምጣቴ ነው። ግቢው ጭር ሲል እፈራ ነበር።»

ምንይሉ ማለት ባንክዎ ቤቱን የሸጠበት ባለዕዳ ነው። ሴትዮዋ እናቱ እትዬ በለጥሻቸው ናቸው። ቤቱን ማስያዙንም ሆነ መሸጡን አልነገራቸውም። መጥረጊያዬን እንደያዝኩ ምን ልበላቸው? «አዎ፣ እትዬ» አልኩ።

፫. ስለ ልጃቸው። በማግስቱ ምንይሉ ሱቄ ድረስ መጣ። ምን አለሽ ተራ ብረት የሚቀጠቅጥ፣ ክንዱ የኔን ጭን የሚያህል ሰው ነው። በብርድ ልብሶቹ መካከል ቆሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እናቴ ልቧ ደካማ ነው። ካንተ አፍ ሰምታ አንድ ነገር ብትሆን ደሟ በራስህ ነው» ብሎኝ ሄደ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ፈርቼ ወደ እርስዎ ቢሮ የሮጥኩት ያን ዕለት ነው። ወንበር ስለሰጡኝ ውለታዎን አልረሳም። «ንብረቱን ባለበት ሁኔታ ነው የገዙት» አሉኝ። ቀስ ብለን እኛው እስክንነግራቸው ይታገሱን ብዬ ብለምንዎ ፈገግ ብለው፣ «አይጨነቁ፣ እናጸዳልዎታለን» አሉ። ከምንይሉ ዛቻ ይልቅ ይህ ቃል አጥንቴ ውስጥ ገባ።

እስከዚያው በገዛ ቤታችን ተከራይ ሆንን። ሚስማር ልመታ ስል እትዬ በለጥሻቸው፣ «ምንይሉን ሳታስፈቅድ ግድግዳ አትንካ» ይሉኛል፤ «እሺ እትዬ» እላለሁ። ልጆቻችንን አፋችሁን ያዙ ብለን አስጠነቀቅን። የውጭ በር በተንኳኳ ቁጥር ኢክራ ትደነግጣለች፤ እኔ ደግሞ እሷ ስትደነግጥ እደነግጣለሁ።

፬. ስለ ጽዳቱ። አንድ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ አቶ ኃይለየሱስ ጥበቃዎች አስከትለው ሳያንኳኩ ገቡ። በጓሮው በር ላይ ቆመውም ሰፈሩ እስኪሰማ፣ «እማማ፣ ቤቱ ተሸጧል! ልጅዎ ዕዳውን አልከፈለም! ዕቃዎን ያውጡ!» አሉ።

እትዬ በለጥሻቸው እሳቸውን አላዩም፤ እኔን አዩ። «እውነት ነው ልጄ?»

«እውነት ነው፣ እትዬ።»

ገብተው በሩን ዘጉ። ሰዎችዎም ሥራቸውን እንደጨረሰ ሰው ወጥተው ሄዱ። እኔ በሩን ደበደብኩ። ጆሮዬን ለጠፍኩ፤ ሳል እንኳ የለም። ያ የፈራሁት ሳል ምነው በተሰማ ብዬ ለመንኩ፣ ወላሂ።

ይህን ጊዜ ምንይሉ ፌሮ ብረት ይዞ ገባ፤ ሰፈርተኛ ደውሎለት ነው። «ነግሬህ ነበር!» አለ። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ኢክራ ከውስጥ ስሜን ትጠራለች። ብረቱ ከፍ ሲል ዓይኔን ጨፈንኩ።

የበር ድምፅ ሰማሁ።

«አስቀምጠው» አሉ እትዬ በለጥሻቸው። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረዋል። «በሰው ግቢ ነው የምትጮኸው። አንተ የአባትህን ቤት ስታስይዝ አልነገርከኝም። ይኼ ባዳ እኔ እንዳልደነግጥ ብሎ በገዛ ቤቱ ሲሽቆጠቆጥልኝ ከረመ። ማንን ነው የምትመታው?»

ብረቱ ወደቀ። ያ ግዙፍ ሰው መሬት ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

እትዬ በለጥሻቸው ዕቃቸውን በአንሶላ ቋጥረው ኖሮ ሊወጡ ተነሱ። የት እንደሚሄዱ እሳቸውም አያውቁም። ኢክራ ሮጣ ቋጠሮውን ያዘችባቸውና፣ «እትዬ፣ ተከራዮችዎን ጥለው የት ይሄዳሉ?» አለቻቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀሱት ያን ጊዜ ነው። አሁንም እዚያው ክፍል ናቸው። ምንይሉ እሑድ እሑድ እየመጣ ይጠይቃቸዋል፤ የተበላሸውን የውጭ በርም ጠግኖልናል። እኔ ግን መዶሻ ባነሳ ቁጥር ዛሬም ዓይኔን እጨፍናለሁ።

ትናንት ከቢሮዎ ተደውሎ ርክክቡ ስላልተጠናቀቀ ጥበቃዎች ተመልሰው እንደሚመጡ ተነገረኝ። ክቡር ሆይ፣ ስለ ትጋትዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። እባክዎ አይምጡብን። ቤቱን ተረክበናል፤ ከነእትዬ በለጥሻቸው፣ ወደን።

ከላቀ አክብሮትና ገና ካልበረደ ድንጋጤ ጋር፣ ሹመትዎ እንዲረዝምና መንገድዎ በመሳለሚያ በኩል እንዳይሆን የሚጸልይልዎ፣

ሙናዊር፣ ብርድ ልብስ ነጋዴ

ማስታወሻ፦ ከጥበቃዎችዎ አንዱ በዚያ ቅዳሜ ግርግር ኮፍያውን ጥሎ ሄዷል። እትዬ በለጥሻቸው፣ «የሰው ልጅ ነው፣ ፀሐይ ይመታዋል» ብለው አጥበው አስጥተውለታል። መጥቶ ይውሰድ፤ እርስዎም አብረውት ቢመጡ ማንኳኳትን ያስተምሩዎታል።